ስለ በቆልት፤ በቤት ስለ ማብቀልና አብስሎ ስለ መብላት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከሒሳቡ ሪፖርት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶን ስለ በቆልት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን በቅድሚያ እናመሰግናለን። «በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ባቄላ ምን ያስወራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ እድር የተቋቋመው የሞተውን በክብር ለመቅበርና ኀዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። ሆኖም እድራችን ቀባሪ ብቻ ሳይሆን አብሳይም ነው። በድንኳናችን ሥር፣ ከአንድ ብረት ድስት፣ ብዙ ሰው ንፍሮ ይቆነጥራል። ስለዚህ ስለ እህል መመካከር ከእድር ሥራ ውጭ አይደለም። ደግሞስ ሰው ሲሞት ልንቀብረው ከተዋዋልን፣ በቁሙ ሳለ ጤንነቱ እንዲጠበቅ መነጋገሩ አይቀድምም ወይ?

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የጨረስን ሰዎች ነን። የምንናገረውም በቤታችን ከቤተሰባችን ጋር በእጃችን የሠራነውን፣ እንዲሁም አንብበንና ጠይቀን የተረዳነውን ብቻ ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይኼ ነው፤ በቆልት ጓሮ ለሌለውም ቢሆን ከሦስት እስከ አራት ቀን ውስጥ የሚደርስ ትኩስ አትክልት ነው፤ ነገር ግን በንጹሕ ካልተያዘና ካልበሰለ አደጋ ያመጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ በቆልት የውጭ አገር ነገር አይደለም። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች መደብር ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ ያዩ ወጣቶች «ይኼ የፈረንጅ ምግብ ነው» ይላሉ። እናቶቻችን ግን በጾም ወራት ባቄላውን ዘፍዝፈው፣ አብቅለው፣ በጨው ቀቅለው ሲያቀርቡ ኖረዋል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ ብቅል ያውቃል። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሲጎነቁል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እንግዲህ ብቅል ማብቀል የሚችል እጅ በቆልት ማብቀል አያቅተውም። ልዩነቱ ብቅሉ እንዲደርቅ ሲደረግ፣ በቆልቱ ግን በእርጥቡ ወደ ድስት መግባቱ ነው።

እህሉ ሲበቅል በውስጡ ምን ይሆናል? እህል ማለት የተኛ ተክል ነው፤ ስንቁን በሆዱ ይዞ ውሃ የሚጠብቅ። ውሃ ሲያገኝ ይነቃል፤ ስንቁንም ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ መፍጨት ይጀምራል። ብቅል አፍ ውስጥ ሲኘክ የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስታርች የተባለው የእህሉ ዱቄት ወደ ስኳር እየተለወጠ ነው። እንዲሁም ባቄላና ሽምብራ ሲበሉ ሆድ የሚነፉት ነገሮች ይቀንሳሉ። በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ እሱም በመዘፍዘፍና በማብቀል ስለሚቀንስ ሰውነታችን ከእህሉ የሚያገኘው ብረት ይሻሻላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቫይታሚን ሲ የተባለው ነው። ደረቅ ባቄላና ደረቅ ምስር ይህ ቫይታሚን የላቸውም ማለት ይቻላል። ሲበቅሉ ግን በውስጣቸው ይፈጠራል። ቫይታሚን ሲ ለረጅም ጊዜ የጎደለበት ሰው ድዱ ይደማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ቁስሉ አልድን ይላል፤ በሽታው ስከርቪ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊልትሻየር የተባለ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ የሰርቢያ ወታደሮችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን የሎሚ ጭማቂ፣ ለሌላው ወገን በቆልት ሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1918 ሲታተም በቆልቱ ከሎሚው ያላነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር ከእኛ ሕዝብም የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ካምፖች ውስጥ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ይኸው ስከርቪ ተከሥቶ ነበር፤ እህል ይሰጣቸዋል፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን አልነበራቸውም።

እርግጥ በቆልት ጎመንንና ቲማቲምን ይተካል ማለታችን አይደለም። ገበያው በሚወደድበት፣ ጎመን በሚጠፋበት፣ ወይም ከቤት መውጣት የማይችል ሽማግሌ ባለበት ቤት ግን ትልቅ ድጋፍ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ጓሮ የለውም፤ ጠርሙስ የሚያስቀምጥበት ጥግ ግን አያጣም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

የሚያስፈልገው አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ ለምሳሌ የማር ወይም የማርማላታ ባዶ ጠርሙስ፣ አንድ ቁራጭ ንጹሕ ሳሳ ያለ ጨርቅ፣ አንድ ላስቲክ፣ ንጹሕ ውሃና ጥሩ እህል ነው። ጠርሙሱን በሳሙና አጥበን በፈላ ውሃ እናለቃልቀዋለን። ጨርቁንም እንቀቅለዋለን። እጃችንን ሳንታጠብ እህሉን አንነካም።

እህሉ ድፍን መሆን አለበት። ክክ አይበቅልም፤ ተከክቶ ሞቷል። ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ የሻገተውን ለቅመን እናወጣለን። ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ምስር ቢሆን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ውሃ እናደርግበትና አንድ ሌሊት እንዘፈዝፋለን። ምስር፣ ማሾና አብሽ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃቸዋል። ሽምብራና አተር 12 ሰዓት ያህል፣ ባቄላ ደግሞ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ እስከ 24 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ በመካከሉ ውሃውን መለወጥ ነው።

በማግሥቱ የተዘፈዘፈበትን ውሃ እንደፋለን። ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነን በላስቲክ እናስርና፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቀን፣ አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርገን በሳሕን ላይ እናስቀምጠዋለን። ውሃው ይንጠፈጠፍ፣ አየርም ይግባ። ኩሬ ሠርቶ የተቀመጠ ውሃ እህሉን ያሸተዋል። ከዚያ በኋላ ጧት፣ ቀትርና ማታ ማለቅለቅና ማንጠፍጠፍ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀድሞ አፍልቶ በክዳን ማስቀመጥ ይረዳል። ሲለቀለቅ የሚወርደው ውሃ ለአበባ ሊጠጣ ይችላል፤ አይባክንም።

ቀኑን መርሳት ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ደብዳቤ እንደማይባል ሁሉ፣ ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስም ጠርሙስ አይደለም። በወረቀት ላይ «ምስር፣ ሰኞ ማታ ተዘፈዘፈ» ብሎ መለጠፍ በቂ ነው።

መቼ ይደርሳል? ምስርና ማሾ ከ2 እስከ 3 ቀን፣ ሽምብራ 3 ቀን ያህል፣ ባቄላና አብሽ ከ3 እስከ 4 ቀን። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ በተለይ በክረምት፣ አንድ ቀን ሊጨምር ይችላል። እንደ አዳማና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ግን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፈጥኖም ይበላሻል፤ ስለዚህ ማለቅለቁን ማብዛት ነው። ጭራው የእህሉን ቁመት ያህል ሲያክል ልኩ ነው። ከዚያ አልፎ ቅጠል ሲያወጣ ይጎመዝዛል።

ፌጦ ለብቻው ነው። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ስለሚያሙለጨልጭ በጠርሙስ አይሆንም። በሳሕን ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ሳሳ አድርጎ መበተንና ጨርቁ እንዳይደርቅ ውሃ መርጨት ነው፤ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ልጆች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

አንዳንድ ሰው በበቀለው እህል ጭራ ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር አይቶ «ሻገተ» ብሎ ይደፋል። መለያው ቀላል ነው። የሥር ጸጉር ከሆነ ውሃ ሲፈስበት ተጣብቆ ይጠፋል፤ ሽታም የለውም። ሻጋታ ከሆነ ግን ግራጫ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ እንደ ሸረሪት ድር ከእህል ወደ እህል ይዘረጋል፣ ይሸታል። የሚሸት፣ የሚያሙለጨልጭ ወይም የሻገተ በቆልት ሙሉው ይጣላል፤ «ይህን ወገን ለይተን እንብላ» አይባልም።

ቀጥሎ የማይበቀሉትን እንናገር፤ ይህን ክፍል ሁላችሁም እንድትይዙልን እንለምናለን።

አንደኛ፤ ጓያ ለበቆልት አይሆንም። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ በውስጡ አለ፤ ማብቀልም ይህን መርዝ አያጠፋውም። በ1988ና በ1989 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ደላንታ ዳውንት ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ወጣቶች፣ በችግር ጊዜ ጓያ በልተው እግራቸው እንደ ተያዘ ይታወቃል። ያ ጉዳት ተመልሶ የሚድን አይደለም።

ሁለተኛ፤ ማሽላ በቅሎ በጥሬው አይበላም። ለጋ የማሽላ ቡቃያ የሳያናይድ መርዝ ያመነጫል፤ ከብት አርቢዎች የለጋ ማሽላ ማሳ የገባ ከብት እንደሚሞት ያውቃሉ። ነገሩ ያው ነው።

ሦስተኛ፤ ቦሎቄ በቅሎም ቢሆን ጥሬውን ወይም ለብ ብሎ አይበላም፤ በደንብ ካልፈላ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል።

አራተኛ፤ ለእርሻ የተዘጋጀ፣ መድኃኒት የተቀባ ዘር በምንም ዓይነት ወደ ቤት ማዕድ አይገባም። ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ስላለው ይታወቃል፤ ታጥቦ አይለቅም። በቆልት የሚሆነው ለምግብ የተሸጠ እህል ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ማሳሰቢያችን ደርሰናል። በቆልት ይብሰል። «ጥሬውን ቢበላ ቫይታሚኑ አይጠፋም» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው፤ እሳት ቫይታሚን ሲን ይቀንሳል። ሆኖም ሌላው ግማሽ አብሮ መነገር አለበት። እህል በማሳና በአውድማ ላይ ሳለ የከብት እበት፣ አቧራ፣ የአይጥ ቆሻሻ ይነካዋል። በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ በእህሉ ቆዳ ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማጠብ ሁሉንም አያወጣውም። በቆልት የሚፈልገው እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ተሐዋሲውም የሚፈልገው ነው። እኛ እህሉን ስናበቅል እሱም በአንድ ሌሊት እልፍ ይሆናል።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ2003 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ማለት ነው፣ በጀርመን አገር ኢ. ኮላይ በተባለ ተሐዋሲ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ ከ800 በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ታወከ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። መጀመሪያ ዱባ የመሰለውን ኪያር ጠረጠሩ። በመጨረሻ ምንጩ ጥሬውን የተበላ በቆልት ሆኖ ተገኘ፤ ምርመራውም ወደ አብሽ ዘር አመራ። ያን ያህል ሐኪም ቤትና ላቦራቶሪ ያለው አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል? ስለዚህ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ጥሬውን ፈጽሞ አይቅመሱ፤ ጤነኛውም ቢሆን አብስሎ ቢበላ ይሻለዋል። እናቶቻችን በቆልቱን መቀቀላቸው አለማወቅ አልነበረም።

አብሳሉ አያስቸግርም። የምስርና የማሾ በቆልት ለስላሳ ስለሆነ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቫይታሚኑም ሁሉ አይጠፋም። ባቄላና ሽምብራ ግን እንደ እህሉ ዕድሜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ በጣት ሲጫኑ መለስለስ አለባቸው። በደጋ አገር ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ደቂቃ መጨመር እንጂ መቀነስ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ከዚያ በኋላ እንደየቤቱ ልማድ ነው። የምስር በቆልት ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያና በሽንኩርት ቢለወስ የታወቀው አዚፋ ይሆናል። ሎሚውም ቢሆን እህሉ ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዲገባ ይረዳል። የባቄላ በቆልት በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ አልጫ ሆኖ ይሠራል። የማሾ በቆልት ጎመን ሊበስል ሲል ቢጨመር ትንሹን ጎመን ያበዛዋል። የሽምብራ በቆልት ተቀቅሎ፣ ጠፈፍ ብሎ ለአጭር ጊዜ ቢቆላ እንደ እኛ ጥርሱ ለሳሳ ሰው የሚመች ቆሎ ነው። የበሰለው በዕለቱ ይበላ። ያልበሰለው በቆልት ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ እንደ ደረሰ ማብሰል ነው።

ሕፃን ላላቸው ቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዕድሜው ከስድስት ወር ያለፈ ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው። ገንፎው ወፍራም ከሆነ አይውጥለትም፤ በውሃ ካቀጠንነው ደግሞ ሆዱን የሚሞላው ውሃ ነው። ወፍራም ገንፎ ሠርተን ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት ብናማስልበት ገንፎው ውሃ ሳይጨመር ይቀጥናል። ከዚያ እንደገና ማፍላት ነው። ሕፃኑ በአንድ ኩባያ ውስጥ ብዙ እህል ያገኛል ማለት ነው። ብቅሉ ግን ለጠላ ተብሎ ማዕዘን ውስጥ የከረመው ሳይሆን ለሕፃኑ ተብሎ በንጹሕ የተሠራ፣ ሻጋታ ያልነካው ይሁን።

በመጨረሻ ለእድራችን የምናቀርበው ሐሳብ አለን።

በለቅሶ ቤት ንፍሮ የምናቀርበው ከስንዴና ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ነው። ከዚህ ውስጥ ባቄላው ወይም ሽምብራው በቆልት ቢሆንስ? በቀብሩ ዕለት አይሆንም፤ ሞት ቀን አስቆጥሮ አይመጣምና። ነገር ግን በቀብሩ ዕለት የተዘፈዘፈ ሽምብራ በሣልስቱ ጎንቁሎ ሊገኝ ይችላል። በዚያ ቀን ድንኳን የሚቀመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ለሦስት ቀን እህል በወጉ ያልቀመሱ ኀዘንተኞች ናቸው። ሆድ የማይነፋ፣ ለጥርስ የለሰለሰ ነገር ለእነሱ ነው የሚያስፈልገው።

ብዙ እህል አንድ ላይ ተቆልሎ ሲበቅል መካከሉ ይሞቃል፣ ይቀምሳል፤ ስለዚህ በአንድ በርሜል ማብቀል አይመከርም። ሃያ ቤት እያንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ ቢያበቅልና በሣልስቱ ጧት ቢያመጣ ይሻላል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ውሃ ጠጥቶ ሲበቅል ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ የጨመረው ውሃ ነው እንጂ እህል አይደለም፤ ቢሆንም ከድስቱ ይታያል። የመጣውን ከማብሰያው አጠገብ የምትቆም አንዲት ኃላፊ ትየው፤ የሚሸተውን ትመልስ፤ የቀረው በአንድነት በደንብ ይፍላ። በራሳችን ቤት አንድ ጠርሙስ ቢበላሽ የምንቸገረው እኛው ነን። በድንኳን ውስጥ አንድ ድስት ቢበላሽ ግን ሰፈር ይታመማል፤ ኀዘን ልናጽናና ሄደን ሌላ ኀዘን እንጨምራለን። ስለዚህ ጥንቃቄውን የማንጠብቅ ከሆነ ሐሳቡ ቢቀር ይሻላል እንላለን።

«ለቅሶ ቤት የመለማመጃ ቦታ ነው ወይ?» የሚል ቢኖር ትክክል ነው። በመጀመሪያ በየቤታችን እንሞክረው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ ከዳቦውና ከሻዩ ጎን በእናቶች ኮሚቴ አማካይነት ተቀቅሎ ይቅረብ፤ አባሎች ይቅመሱት፤ ከዚያ በኋላ እድሩ በድምፅ ይወስን። ዛሬ ውሳኔ አንጠይቅም።

ልጆች ያላችሁ ግን አንድ ብርጭቆ ምስር ዛሬ ማታ ዘፍዝፉ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን መጻፉንና ማለቅለቁን ለልጆቹ ስጧቸው። አያቶቻቸው ያውቁት የነበረውን ሥራ እጃቸው ይልመደው።